የማስተዋል ደብተር

ባጃጅ መጣ፣ ጋሪ ከመንገድ ወረደ፣
የሻሾም ልጓሟ ግድግዳ ለመደ።
ሰባት ዓመት ጎትታ ሲሚንቶና ጤፍ፣
አሁን ሥራ ፈትታ ቆማለች ከደጅ አፍ።

ቢያድግልኝ መጣ፣ የዘንዘልማው ነጋዴ፣
«ባዝራ አስሮ መቆዘም፣ ምን ይሉታል ዘዴ?
የኔን ድንጉላ አህያ አይተኸው መሰለኝ፣
በቅሎ ነው የሚሰጥ፤ የሚያምነኝ ይመነኝ።
ያንዲት በቅሎ ዋጋ ሁለት ፈረስ ገዝቶ
ለቆርቆሮ ይተርፋል» አለኝ ጣቱን አጥፍቶ።

ልጄ ማስተዋል ግን ደብተሯን ከኋላው ገልብጣ ከፈተች፣
ሐኪሟ ትርንጎ የነገረቻትን አንድ ባንድ ጻፈች፦
ጭራዋን ካነሳች፣ ሽንቷን ቶሎ ቶሎ ጠብ ካደረገች፣
ድንጉላ ሲያሽካካ ጆሮዋን ሳትጥል ቀጥ ብላ ከቆመች፣
ያ ነው ቀኗ። አምስት ስድስት ቀን ይቆያል።
ካመለጠ፣ ቁጠሩ፤ በሃያ አንድ ቀኑ ተመልሶ ይመጣል።

አባቴ ይህን ሁሉ ባፍንጫው ነበረ የሚያውቀው፤
እኔ ባለጋሪ ነኝ፤ የማውቀው ጎማ ነው።

ነሐሴ መባቻ፣ ጭቃው እስከ ጉልበት፣
ይዘናት ወረድን ከቢያድግልኝ በረት።
አህያው አጭር ነው፣ ሻሾ መለሎ ናት፣
ጉድጓድ ቆፍረን ነው ከውስጡ ያቆምናት።
አንዴ ረገጠችው፤ ሁለቴም ረገጠች፤
በሦስተኛው ግና ጆሮዋን ጥላ ቆመች።
ከፈልኩ። ደረሰኝ የለውም የዚህ ነገር።
ማስተዋል ጻፈችው፦ «አባት፦ አህያ፣ ግራጫ፣ ከዘንዘልማ መንደር»።

በማግስቱ ማታ ገመዷን በጠሰች፣
ከስንሻው ጉራች ጋር ደንገል ውስጥ አደረች።
ምን ጨነቀኝ? ጉራች ሰንጋ ነው፤ ያውቀዋል አገሩ፣
ድሮ ነው በቢላ የተቆረጠ ዘሩ።

አሥራ አንድ ወር ነው የባዝራ እርግዝና፤
ማስተዋል ቀን ታሰምራለች፣ እኔ ቆርቆሮ እቆጥራለሁ ገና።
ጥቅምት ላይ ሐኪሟ ክንዷን አስገብታ «ይዛለች» ስትለኝ
ዝናብ በቆርቆሮ ሲያንኳኳ ተሰማኝ።
«ሐይቅ ዳር አትጋጥ፤ ትል አለ በሣሩ፣
ጭድና ገብስ ይሁን፤ ከቤት ይሁን ማደሩ።
ጡቷ ሲያጋት እዩ፣ ጫፉን ሰም ሲያወጣው፤
ሰሙ ከታያችሁ ሁለት ሌሊት ቢቀር ነው ወርቁ እስኪመጣ።»

ሐምሌ ሦስት ሌሊት።
መብራት የለም። ጉማሬው ከዓባይ አፍ ያጓራል።
ሻሾ ተኛች፣ ተነሳች፣ ላብ አጠመቃት፤ ውሃዋ ፈሰሰ።
«ሃያ ደቂቃ» ትላለች ማስተዋል ስልኳን አብርታ፣
«ከዚያ ካለፈ ለትርንጎ ደውል።»
አንድ እግር። ሁለተኛ እግር።
በሁለቱ ጉልበቶች መሐል አፍንጫ።
ከዚያ ስልኩ ጠፋ።
በጨለማው እጄን ሰደድኩ፣ ጆሮ ፍለጋ፤
ረዥሙን ጆሮ፣ የቆርቆሮዬን ጆሮ።
አጭር ነው።
እንደገና ዳሰስኩ። አጭር ነው፤
እርጥብ፣ ገና እንዳልተዘረጋ ቅጠል።

ሲነጋ ቆማለች። ጥቁር፣ ከግንባሯ እንደናቷ ነጭ።
ሴት።
እንግዴ ልጁን ዘርግተን አየን፤ ሙሉ ነው።
ስንሻው መጣ፤ እሷን አየ፣ ጉራቹን አየ፣
ሳቁን ሳል አስመሰለው።
ትርንጎ ከጉራች ሥር አጎንብሳ ፈትሻ
«አንዷ ፍሬ ሆዱ ውስጥ ቀርታለች» አለች፣ «ቢላው ያላገኛት።»
«ስድስት ዓመት ዝም ብላ!» አለ ስንሻው።

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል።
ይችኛዋን ማን ይጠይቃት?
ጡት ይዛለች፤ አፏ ሥራ ላይ ነው።

ማስተዋል ደብተሯን አመጣች።
አህያውን ሰረዘች፣ ግራጫውን ሰረዘች፣ ዘንዘልማን ሰረዘች።
«ምን ልበል?»
«ሰንጋ ብለሽ ጻፊ» አላት ስንሻው።
ጻፈችው፦ «አባት፦ ሰንጋ።»
ከሥሩ ባዶ መስመር አሰመረች፣
ሌላ ባዶ መስመር፣
ሌላም፣ እስከ ገጹ ግርጌ።
እኔ ወደ ሣር ክዳኔ አንጋጠጥኩ።
ያንኑ ዝናብ፣ ባንኑ ቀዳዳ፣
አንገቴ ላይ ጠብ አደረገልኝ።